ከብስኩቱ ላይ የተነሳችው ልጅ

የክፍል ጓደኞቹ «ባዶው» ይሉታል። ስድብ እንዳይመስላችሁ። የግራፊክ ዲዛይን ትምህርት የጀመረ ሰሞን መምህሩ የአንድ ገጽ ማስታወቂያ ሥሩ ብሎ አዘዛቸው። ሌላው ተማሪ ገጹን በፎቶና በቀለም ሲያጨናንቅ፣ እሱ ሦስት ቃላት ጥግ ላይ አስቀምጦ የቀረውን ወረቀት እንደ ነጭነቱ አስረከበ። «የቀረውስ የት አለ?» ቢለው መምህሩ፣ «ዋናው እኮ የቀረው ነው» ብሎ መለሰ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ስሙም ከዚያ ቀን ጀምሮ ተጣበቀበት። እሱ ግን ቅር አላለውም፤ እንዲያውም በሆዱ ኮራ።

ዓይኑ የተከፈተው በጠባብ ቤት ውስጥ ነው። እናቱ ልብስ ሰፊ ናት። ልጅ ሆኖ ስፌት መኪናዋ ሥር ቁጭ ብሎ የልብስ መቁረጫ ወረቀቶቿን ሲያገላብጥ ይውል ነበር፤ አንድ ቀጭን መስመር፣ አንድ ቁጥር፣ ሌላ ምንም የሌለባቸው ወረቀቶች። የክብሪት ቀፎና የሳሙና ወረቀት ይሰበስባል፤ አብልጦ የሚወደው ግን የመድኃኒት ካርቶን ነው። ነጭ ሆኖ አንዲት ሰማያዊ መስመርና ስም ብቻ ያለበት። «ይሄ ልጅ ደህናም አይደል፤ እኩዮቹ ኳስ ያሳድዳሉ፣ እሱ የበሽተኛ ዕቃ ይለቅማል» ትላለች እናቱ ለጎረቤት። ትበለው እንጂ፣ ካርቶኖቹን በሳጥን ሞልታ አልጋዋ ሥር የምታስቀምጥለት እሷው ነበረች።

የመጀመሪያ ሥራው ለሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ የሠራው ሰሌዳ ነው። አሮጌው ሰሌዳ ላይ ፀጉሩ የተከመረ፣ ጉንጩ ያበጠ የወንድ ጭንቅላት ተስሎበት ነበር። ባዶው ጭንቅላቱን አንስቶ በነጭ መደብ ላይ አንዲት ቀጭን ማበጠሪያ ብቻ አደረገ። ፀጉር አስተካካዩ ራቅ ብሎ አየ፣ ቀረብ ብሎ አየ።

«ጎሽ! ያምራል። ጭንቅላቱስ?»

«ጭንቅላቱ አያስፈልግም።»

«አዬ የኔ ልጅ፣ እኔ ታዲያ የማስተካክለው የምኑን ፀጉር ነው?»

ሰሌዳው ጥቂት ቀን ተሰቅሎ ወረደ፤ ያ ጉንጨ እብጡ ሰውዬም ወደ ቦታው ተመለሰ። ባዶው ተናደደ። ሰው ጥሩ ነገር አይገባውም ብሎ ደመደመና አለፈ። ሰውየው ያን ጭንቅላት ለምን እንደሚወደው ግን አልጠየቀም። መጠየቅ የሚባል ነገር በሐሳቡም አልመጣለትም። አይ ልጅነት!

ከእሷ ጋር የተገናኙት ብስኩት ፋብሪካ ውስጥ ነው። መምህሩ ማሸጊያ እንዴት እንደሚታተምና እንደሚታሸግ እንዲያዩ ክፍሉን ይዞ ሄዶ ነበር። ተማሪው ሁሉ በማሽኑ ፍጥነት አፉን ከፍቶ ሲያይ፣ እሱ ከወለል ላይ የተጨማደደ ማሸጊያ አንስቶ ኪሱ ሲከት ተያዘ።

«ሌባ!» አለች አንዲት ነጭ ጋዋን የለበሰች፣ ፀጉሯን በመረብ የሸፈነች ልጅ።

«ወረቀቱን ነው እንጂ ብስኩቱን አልነካሁም» አለ ደንግጦ።

«ወረቀቱንማ ማን ይፈልገዋል?»

«እኔ።»

እንደዛ ብሎ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ልጅቷ ሳቋን ልትውጠው ሞክራ አቃታት። የፋብሪካው ባለቤት ልጅ መሆኗን የሰማው ሊመለሱ መኪና ውስጥ ከገቡ በኋላ ነው፤ ልቡ ግን ያኔ አልሰማ ብላው ነበር። ከዚያ በኋላ «እሜቴ» እያለ ይጠራት ጀመር። መጀመሪያ ለቀልድ፣ ኋላ ግን በሌላ ስም ቢጠራት አፉ እንግዳ ይሆንበት ነበር።

ፍቅራቸው በድብቅ ሆነ። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለች መናፈሻ፣ ከዛፍ ሥር ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ። አባቷ ጨካኝ አይደሉም፣ ግን ቁርጥ ያለ ሐሳብ አላቸው፤ «ሥዕል የሚስል ሰው ሚስቱን በምን ያበላታል? ቀለም ያስልሳታል?» ይላሉ። እሜቴ ይህን ስትነግረው እየሳቀች ነው፤ እሱም እየሳቀ ነው የሰማው። ቤቱ ሲገባ ግን አልሳቀም። ከእናቱ ስፌት መኪና ጎን ቁጭ ብሎ፣ እኒህ ሰውዬ አንድ ቀን ወንበር ስበው «ተቀመጥ» እንዲሉኝ የሚያደርግ ነገር እሠራለሁ ብሎ ለራሱ ማለ።

አንድ ቀን እሜቴ እንደ ልማዷ ከቦርሳዋ ብስኩት አውጥታ አካፈለችው። ባዶው ማሸጊያውን ገልብጦ እንደ መምህር እስኪብርቶውን መዘዘ።

«አሁን ይሄን እይው። ቀዩ ይጮኻል፣ ቢጫው ይጮኻል። ፊደሉ ጥላ አለው፣ የጥላው ጥላ አለው! ደግሞ ይቺ ልጅ መሀል ላይ ምን ትሠራለች?» በእስኪብርቶው ጫፍ ጠቆማት። ግማሹ የተገመጠ ብስኩት ይዛ የምትስቅ፣ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ የተቆረጠ ትንሽ ልጅ ናት። «ጥርስ እንኳ የላትም!»

እሜቴ ማሸጊያውን ከእጁ ወሰደችና አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ምነው፣ አስቀየምኩሽ እንዴ? የአባትሽን ብስኩት ስለሰደብኩ?»

«አይ። ስለ ልጅቷ ሌላ የምትለው ነገር የለህም?»

«ምን እላለሁ? ሥዕል ናት።»

«እሺ» አለች። ከዚያ በኋላ እሱ ሲያወራ ዝም ብላ ስታየው ቆየች። ባዶው ዝምታዋን አድናቆት አድርጎ ወሰደው። እውቀቴ ገረማት ብሎ ደስ እያለው ተለያዩ።

በዚያው ዓመት አባቷ ራሳቸው ትምህርት ቤቱ መጡ። ብስኩቱ አዲስ ማሸጊያ ያስፈልገዋል፣ ተመራቂ ተማሪዎች ይሥሩልኝ፣ የበለጠው ታትሞ ገበያ ይወጣል አሉ። ባዶው ሰማይ የተከፈተለት መሰለው። ለእሜቴ ግን ትንፍሽ አላለም። በድንገት ላስደስታት አለ። ስንቱን ነገር ያበላሸው ይሄ «በድንገት ላስደስት» የሚባል ነገር ነው እባካችሁ!

እሷም በእነዚያ ሳምንታት ፊቷ ጠቁሮ ነበር። «ቤት ውስጥ የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ» አለችው አንድ ቀን፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ጎኑ ተቀምጣ።

«ያልፋል፣ አይዞሽ። ትንሽ ጠብቂኝ ብቻ። ደስ የሚልሽ ነገር እየመጣ ነው።»

ምን እንዳስጨነቃት አልጠየቃትም። የማሸጊያው ቀለም በሐሳቡ ይዞር ስለነበር አፏን እያየ ድምጿን አልሰማም። እሷም ልትቀጥል ብላ ተወችው።

የማሳያው ቀን ደረሰ። በፋብሪካው የስብሰባ ክፍል አባቷ በጠረጴዛው ራስ ተቀምጠዋል፤ መምህሩ ከጎናቸው። የሌሎቹ ተማሪዎች ሥራ ታይቶ አለቀና የባዶው ተራ ሆነ። እናቱ ሌሊቱን የተኮሰችለትን ሸሚዝ ለብሶ፣ የመጨረሻውን ሉህ ሊገልጥ ሲል በሩ ተከፈተና እሜቴ የፋብሪካውን ብስኩት ናሙና በትሪ ይዛ ገባች። ስታየው ቆመች። እሱ ጠቀሳትና ሉሁን ገለጠው።

ነጭ ነበር። ከታች አንዲት ሰማያዊ መስመር፣ ከላይ የብስኩቱ ስም በቀጭን ፊደል። ጥላ የለም፣ ቀይ የለም፣ ቢጫ የለም። መሀሉ ንጹሕ ባዶ።

«ሁሉንም አነሳሁት» አለ፣ ዓይኑን ከእሜቴ ሳይነቅል። «ለብስኩቱ የማይጠቅመውን ሁሉ።»

ፈገግ ትላለች ብሎ ጠበቀ። ፊቷ ግን ቀስ እያለ ደም ራቀው። ዓይኖቿ ሉሁ መሀል፣ ባዶው ቦታ ላይ ተተክለው ቀሩ። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ ስታኖር አንዱ እሽግ ወለል ላይ ወደቀ። አላነሳችውም።

አባቷ ሉሁን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ከዚያም «ይሁን» አሉ። «ይሄው ይታተም።» ተነስተው ማንንም ሳያዩ ከክፍሉ ወጡ። መምህሩ የባዶውን ትከሻ ይዞ ነቀነቀው። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። በዚያ ሁሉ ጭብጨባ መሀል የባዶው ልብ አንድ ነገር ጎድሎባት ትፈራ ጀመር።

እሜቴ ወጥታ ነበር፤ ደረጃው ላይ ደረሰባት። ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር።

«እሜቴ! ምነው? አላማረሽም?»

«ያምራል።»

«ታዲያ?»

«ያቺ ያነሳሃት ልጅ እህቴ ናት» አለች። ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር። «ታላቄ። የሳለቻት እናቴ ናት፣ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ብስኩቱን ስትገምጥ እያየቻት። በዓመቱ እህቴ ሞተች። ከዚያ እናቴም ብዙ አልቆየች። ፎቶ የላትም፤ ያቺ ብቻ ናት ያለችን።»

ባዶው ወደ እሷ አንድ ደረጃ ወረደ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«እስክትጠይቀኝ እየጠበቅኩ ነበራ! ስንት ጊዜ በእጅህ ይዘሃታል? ዓይን አለኝ የምትለው አንተ! አንድ ቀን ይቺ ልጅ ማን ናት ይለኛል፣ ያኔ አልቅሼ እነግረዋለሁ፣ እሱም እጄን ይይዘኛል እያልኩ እጠብቅ ነበር።»

«የኔ ዓለም፣ አላወቅኩም፤ በናቴ ስም አላወቅኩም።»

«አሁን አወቅክ።» እንባዋን በጋዋኗ እጅጌ ጠረገች። «ሥራውን መልሰህ ውሰደው። አልሰጥም በላቸው። ሌላ አልጠይቅህም።»

እዚህ ላይ ነው ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው። እሺ ቢላት ኖሮ በዚያች ደረጃ ላይ አንገቱ ላይ ትጠመጠም ነበር። ባዶው ግን ከኋላው የመምህሩንና የጓደኞቹን ሳቅ ሰማ፤ እናቱ የተኮሰችለት ሸሚዝ ገና ደረቱ ላይ ነበር። የመመረቂያ ሥራው ነው። የአባቷ «ይሁን» ገና ጆሮው ውስጥ ነው።

«ላስብበት» አለ።

እሜቴ ቀና ብላ አየችው። በዚያ አስተያየት ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ እሱ የጠበቀው ቁጣ ነበር። «እሺ፣ አስብበት» አለችና ደረጃውን ወረደች። የእግሯ ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ ቆሞ ሰማ፤ ሊከተላት ፈልጎ አልተከተላትም።

አሰበበት። መልእክት ይጽፍላትና ይሰርዛል። ነገ እነግራቸዋለሁ ይልና ነገ ሲደርስ መምህሩ ለሌላ ክፍል ሥራውን እያሳየ ያሞግሰዋል። እናቱ ደግሞ ለደንበኞቿ ሁሉ አውርታ ጨርሳለች። «ልጄ የሠራው በየሱቁ ሊደረደር ነው» ትላለች መርፌዋን በከንፈሯ ይዛ። እንዴት አድርጎ ቀረ ይበላት? በሐሳቡም ለራሱ ጠበቃ ሆኖ ከእሜቴ ጋር ይከራከራል፤ ሥዕል እኮ ናት፣ ሥዕሏ ቤታቸው ትኖራለች፣ ከማሸጊያ ላይ ብትነሳ ልጅቷ ሁለተኛ አትሞትም። እንዲህ እያለ ራሱን ሲያባብል ልቡ ግን አንዲት ቃል እንኳ አላመነውም።

ማተሚያ ቤት ጠሩት። የሙከራው ህትመት ወጥቶ ነበር። ባዶው በማጉያ መነጽር መስመሯን አየ፣ ፊደሉን አየ፤ ሰማያዊው ትክክል ነው፣ ነጩ ንጹሕ ነው። የጎደለ ነገር አልነበረም። ማሽኑ ጋ የቆመው ሠራተኛ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ጠበቀው።

«እህ? ልልቀቀው?»

ባዶው መነጽሩን አስቀመጠ። አሁን ቢናገር ይቆማል። አንድ ቃል ብቻ ናት። የእሜቴ ፊት በዓይኑ ላይ መጣ፤ ደረጃው ላይ ቀና ብላ ስታየው የነበረው ያ ፊት።

«ልቀቀው» አለ።

ማሽኑ ጮኸ። ነጩ ወረቀት እየተጠቀለለ ሲወጣ ባዶው ደስታው ይመጣ እንደሆን ቆሞ ጠበቀ፤ አልመጣም።

ብስኩቱ ገበያ ወጣ። በየሱቁ መደርደሪያ ላይ ነጭ ሆኖ ተደረደረ። ሰው ወደደው። እሜቴ ግን ወደ መናፈሻዋ መምጣት ተወች፤ ስልኳም አይነሳም። በዚህ መሀል የአባቷ ሹፌር ባዶውን ፈልጎ መጣና «ጌታው እሁድ ለምሳ ና ብለውሃል» አለው።

ትልቁን የግቢ በር አልፎ ገባ። አባቷ እስከ በረንዳው ድረስ ወጥተው ተቀበሉት።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?»

«ደህና ነኝ፣ ግባ። ስለ አንተና ስለ ልጄ አውቃለሁ፤ አትደንግጥ። እዚያ ስብሰባ ላይ ስትተያዩ አይቻለሁ፣ እናንተ ልጆች ዓይናችሁን መደበቅ አትችሉበትም።» ሳቅ ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «ከጓሮ አለች። ጥራትና ምሳ እንብላ።»

ወይ ጊዜ! ስንት ዘመን ያለመው ነገር እንዲህ በቀላሉ ሆነ። ባዶው ቤቱን ዞሮ ወደ ጓሮ ሄደ። እሜቴ የታጠበ ልብስ ከገመድ ላይ እየሰበሰበች ነበር፤ ከእግሯ አጠገብ የጉዞ ሻንጣ ቆሟል።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«አክስቴ ጋ። እዚያ ሥራ አግኝቻለሁ።»

«እሜቴ፣ ስሚኝማ። አሁኑኑ ገብቼ ለአባትሽ እነግራቸዋለሁ። ይሰበሰብ እላለሁ። ልጅቷን እመልሳታለሁ፣ ሌላ እሠራለሁ፣ በነጻ እሠራለሁ። የመመረቂያ ነጥቤን ይውሰዱት! ምንም አልፈልግም።»

ልብሱን አጣጥፋ ሻንጣው ላይ አኖረች። አልቸኮለችም።

«እኔ እኮ ልጅቷ እንደምትነሳ አውቅ ነበር» አለች። «አባዬ እናቴ ከሞተች ወዲህ የገዛ ብስኩቱን በእጁ ይዞ አያውቅም። ሱቅ ሲገባ ፊቱን ያዞራል። ያቺን ልጅ በየደረሰበት ማየት ገደለው። ከዛሬ ነገ ያነሳታል እያልኩ ስጨነቅ ነው የከረምኩት። አንተ እምቢ ብትል ለሌላ ሰው ያሠራው ነበር። ይሄንንም አውቃለሁ።»

«ታዲያ… ታዲያ ለምን አልሰጥም በል አልሽኝ?»

«አንተ እንዳትሆን ነበራ!» ወደ እሱ ዞረች። «ማንም ያንሳት። የሚያነሳት እጅ የእኔን እጅ የሚይዘው እጅ እንዳይሆን ነበር። ሌላ ምን ጠየቅኩህ? ስለ እሷ ባለመጠየቅህ ይቅር ብዬሃለሁ። አላወቀም ብዬ ለራሴ ነግሬ ይቅር ብዬሃለሁ። ግን ካወቅክ በኋላ ነው ያደረግኸው። አስበህበት።»

ባዶው እጁን ሊዘረጋ ብሎ አየውና መልሶ ሰበሰበው።

«እወድሻለሁ» አለ በመጨረሻ፤ እንባው ጉንጩ ላይ ወርዶ።

«አውቃለሁ። እኔም መውደዴን አልተውኩም፤ እሱ ነው የሚያቃጥለኝ። ብጠላህ ኖሮ እዚሁ እቀመጥ ነበር።» ቀረብ ብላ ግንባሩን ሳመችው። ታማሚ እንደሚሳም ሳመችው። ከዚያ ሻንጣዋን አንስታ በጓሮው በኩል ወደ በሩ ሄደች። እሱ የተሰጣው ልብስ መሀል ቆሞ ቀረ፤ ጸጸት እንዲህ ትንፋሽ የሚያሳጣ ነገር መሆኑን እስከዚያች ቀን አያውቅም ነበር።

«ኸረ ኑ ልጆች፣ ምግቡ ቀዘቀዘ!» የአባቷ ድምፅ ከውስጥ ተጣራ።

ብቻውን ገባ። አባቷ ከኋላው ማንም አለመኖሩን አዩ፣ ገባቸው፣ ግን አልጠየቁም። ከጎናቸው ያለውን ወንበር በእጃቸው ስበው «ተቀመጥ» አሉት። ተቀመጠ። የሽማግሌው ዓይን ቀልቶ ነበር።

«እኔ ለስንት ዓመት ሞክሬ ያቃተኝን ነገር ነው የሠራህልኝ። አሁን ሱቅ ገብቼ ቀና ብዬ እቆማለሁ። እጅህ ይባረክ፣ ልጄ።»

ውጭ የግቢው በር ሲዘጋ ተሰማ። ባዶው እጆቹን ከጠረጴዛው ሥር ደበቀ። አሜን ማለት ነበረበት፤ ሽማግሌው አሜኑን እየጠበቁ ፊቱን ያዩታል። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፁ ግን አልወጣ አለው።